ጉበን የሌላት መስኮት

እትዬ ጭልፋ የሚሏት ደንበኞቿ ናቸው። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከግብር ሰብሳቢው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ጭልፋዋ ከእጇ አይለይም፤ ታማስልበታለች፣ ትቀምስበታለች፣ ስትቆጣ ጠረጴዛ ትመታበታለች። ሾርባዋን ያማ ደንበኛ ጭልፋው ወደ አፍንጫው ሲቀሰር ቶሎ ቃሉን ይለውጣል። ክፉ ሴት አይደለችም። ቁጣዋ እንደ ወተት ገንፍሎ ምድጃውን ያበላሽና ወዲያው ዝቅ ይላል። ችግሩ፣ የገነፈለውን ዕድሜ ልኩን ሲጠርግ የሚኖር ሰው መኖሩ ነው።

አግብታ ነበር። ባሏ ከምግቧ በቀር የሚወድላት ነገር እንደሌለ ሲገባት፣ «እንግዲያውስ እንደ ሌላው ደንበኛ በምሳ ሰዓት እየመጣህ ብላ» ብላ ሸኘችው። ደግነቱ እሱም እየመጣ በላ፤ ሌላ ከተማ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ በኋላ ትዳሯ ምድጃው ሆነ።

ምግብ ቤቷ በከተማው አሮጌ ሰፈር፣ ድንጋይ በተነጠፈ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ ወይ ምግብ ቤት ነው ወይ መጠጥ ቤት፤ ወንበሩ ከበር ወጥቶ እግረኛውን ያደናቅፋል፣ የአንዱ ሙዚቃ ከሌላው ጋር ይጣላል፣ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከግድግዳው አይለቅም። የእሷ ቤት ከሁሉም ያረጀ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ «ቅርስ ነው፤ መነካት የለበትም» የሚል ምልክት በሩ ላይ ቸንክሮ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ሲያፈስ እንዴት ሆናችሁ ያለ የለም።

ከወፍራሙ ግድግዳ ወዲያ፣ በዚያው ቤት ሁለተኛ ክፍል፣ የታናሽ እህቷ መጠጥ ቤት አለ። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ በር የለም። ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ ትሪ ከነሳህኑ የምታሳልፍ፣ በተንሸራታች ጣውላ የምትዘጋ። የበሷት አባታቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ሳህን ተሸክመው በዝናብ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲሮጡ፣ ሾርባው ውሃ እየገባበት ደንበኛ ሲስቅባቸው፣ አንድ ቀን መሮና መዶሻ አንስተው ግድግዳውን በረቀሱት። ግንበኛ አላማከሩም። «የራሴን ቤት ለመብሳት ማንን ላስፈቅድ?» አሉ። እውነትም ሥራው ተቃና። ሚስታቸው ቀድመው ስለሞቱ ሁለቱን ልጆቻቸውን በዚያች መስኮት ወዲህና ወዲያ አሳደጉ፤ ትልቋን ከምድጃው፣ ትንሿን ከብርጭቆው ጋር። ትልቋ ትንሿን «ሚጣ» ትላት ነበር። ትንሿ ደግሞ ትልቋን «እታለም»።

አባታቸው አርጅተው ሲታመሙ ሐኪሙ ጨው ከለከለ፣ መጠጥም ከለከለ። እትዬ ጭልፋ የሐኪሙን ቃል እንደ ሕግ ያዘች። ጨው የሌለው ሾርባ እየሠራች በማንኪያ ልታጠጣቸው ትቀርባለች፤ እሳቸው ፊታቸውን አጨማደው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ውጭ ወጥታ ታለቅሳለች፣ ሾርባውን አሙቃ ትመለሳለች። ወራቱ እንዲህ አለፉ። አንድ ሌሊት ታናሺቱ ተራዋ ደርሶ ስታስታምም፣ አባትየው ቀይ ወይን ጠየቋት። ቀዳችላቸው። ሊነጋ ሲል አረፉ። እትዬ ጭልፋ ከእንቅልፏ ነቅታ ስትገባ ከአልጋው አጠገብ ያየችው ብርጭቆውን ነበር። በቀብሩ ዕለት፣ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ ጣቷን ቀስራ፣ «አባባን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ!» አለቻት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኋላ ሐኪሙ ራሱ «ሰዓታቸው ደርሶ ነበር፤ አንድ ብርጭቆ ምን ያመጣል?» ብሎ ነግሯታል፤ እሷም ከሳምንት በኋላ ልቧ አውቆታል። የተባለው ግን ተብሏል። ታናሺቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ድምፄን አትሰሚም» አለቻት። ቃሏንም ጠበቀች። የሁለቱም ፀጉር ሸበተ፤ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

ሽማግሌ ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌዎቹ እዚህ ምሳ ይበላሉ፣ እዚያ ይጠጣሉ፣ ጠግበውና ሞቅ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እርቁ ባለበት ይቀራል። እትዬ ጭልፋ «እሷ ትናገረኝ» ትላለች። ታናሺቱ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ትላለች።

ታዲያ ሥራው እንዴት ይሠራል? ሆድ ለእልህ አይቆምም። መጠጥ ቤት የተቀመጠ ሰው ይርበዋል፣ ምግብ ቤት የተቀመጠ ሰው ይጠማዋል። ስለዚህ መስኮቷ ቋንቋ አወጣች። እትዬ ጭልፋ ጣውላውን አንዴ ከመታች ሳህን ደርሷል ማለት ነው። ሁለቴ ከመታች ቢራ ይምጣ። በጭልፋው ጠርዝ ከፋቀችው ወይን። ታናሺቱ ከወዲያ በብርጭቆ ቂጥ አንኳኩታ ትመልሳለች። ጣውላው ይንሸራተታል፣ የአንዷ እጅ ያስቀምጣል፣ የሌላዋ እጅ ያነሳል። እትዬ ጭልፋ እህቷን የምታውቃት በእጇ ነው፤ ቀለበቷን መቼ እንዳወለቀች፣ ጅማቷ መቼ እንደወጣ። አንድ ሰሞን የማታውቀው እጅ፣ የጎረቤት እጅ፣ ሳህኑን ሲያነሳ አይታ ደንበኞቿን ጠየቀች። ታናሺቱ ታማ ነበር። እትዬ ጭልፋ ማንም ሳያዛት ዶሮ ቀቅላ፣ ደህና አድርጋ ጨው ጨምራ፣ ሾርባውን በመስኮቷ አስቀመጠች፤ አንዴ መታች። ማታ ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ። በላዩ አንድ ሎሚ ነበረበት። ሎሚውን እስኪደርቅ ድረስ አልቆረጠችውም።

ከሁሉም የሚያንገበግባት ሌላ ነው። አባቷ እስከ መጨረሻው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረውባት፣ ተቀይመዋት የሞቱ ይመስላታል። ያቺን ሌሊት አጠገባቸው የነበረች ታናሺቱ ብቻ ናት፤ ልትጠይቃት ደግሞ አፍ የላትም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ድንች ልልጥ ብላ ወንበሯን ከመስኮቷ ሥር ታስጠጋለች። ግድግዳው ቃል አያሳልፍም፤ የሚያልፈው ጉምጉምታና አልፎ አልፎ የታናሺቱ ሳቅ ነው። ሳቁን ስትሰማ ትናደዳለች፤ ሳትሰማው ስትቀር ትጨነቃለች። እህቷ ናፍቃታለች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሷ የዋጠችው ቢቆጠር የፀጉር አስተካካይ ሱቅ ይከፍታል።

ነገሩ የከፋው ከጀርባ ያለውን ቤት አፍርሰው ለሆቴል መሠረት መቆፈር ሲጀምሩ ነው። ማሽኑ ባጓራ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ይንጫጫሉ። በዚያው ሰሞን የመስኮቷ ጣውላ ማስቸገር ጀመረ። መጀመሪያ ያዝ አደረገው፣ ቆይቶ በሁለት እጅ ካልጎተቱት እንቢ አለ። እትዬ ጭልፋ ምክንያቱን ለማወቅ የማንም እርዳታ አላስፈለጋትም። «አውቃ ነው» አለች። «ምግቤ እንዳያልፍ ብላ ነው።» አንድ ጠዋት ጣውላውን በግድ ስባ ስትከፍተው፣ ጠርዙ ከወዲያ በኩል ዳር እስከ ዳር በሻማ ተቀብቶ አገኘችው። ሰም! ደሟ ፈላ። እህቷ መስኮቷን ልታሽግባት!

አናጢውን አስጠራችው። አናጢው ለሁለቱም ቤት ይሠራል፤ እዚህ ምሳ፣ እዚያ ወይን ስለማይቀርበት እርቃቸውን ብዙም አይቸኩልለትም እያሉ ያሙታል።

«እትዬ፣ ሰም የሚቀባው እኮ እንዲንሸራተት ነው» አላት፣ መላጊያውን ከቦርሳው እያወጣ። «እህትዎም እንደ እርስዎ ቢቸግራቸው ነው።»

«አንተን ደግሞ ወይኑ ምላስህን አለስልሶታል። እንዲንሸራተት ከሆነ ለምን ተጣበቀ?»

«እሳቸውስ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ? ‹በጭልፋ እየደበደበች ሰባብራ ልትጥለው ነው› ነው የሚሉኝ።»

እትዬ ጭልፋ ድንገት ቀና አለች። «እንዲህ አለች? በምን ድምፅ? ተቆጥታ ነው?»

ጥያቄው አናጢውን ግራ አጋባው። «እኔ እንጃ፤ አዝነው መሰለኝ።»

አናጢው ጣውላውን ላገው፤ ከዚህ በፊትም ልጎት ነበር፤ ከዚህ በላይ ከላገው የሚቀረው ወረቀት ነው። እጁን ወደ መስኮቷ ውስጥ ሰዶ ከላይ በኩል ሲዳብስ ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይሄ መስኮት ጉበን የለውም።»

«ምን የለውም?»

«ከላይ ድንጋዩን የሚሸከም እንጨት። በሮቹ አላቸው፤ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ የተበሳ ነው። የወፈረው ጣውላው አይደለም፤ የወረደው ድንጋዩ ነው። ግንበኛ ይይልን። እስከዚያ ሁለታችሁም ብትዘጉ…»

«አባባ ናቸው የሠሩት!» ጭልፋው ተቀሰረ። «አባባ የሠሩት ነገር ጎደሎ የለውም። ጨርሰሃል? በል ምሳህን ብላ።»

ምሳውን በላ። ከዚያ ወደ ወዲያኛው ቤት ሄዶ ያንኑ ተናገረ። ታናሺቱም «እሷ ሳትዘጋ እኔ ልዝጋ? ፈርታ ሸሸች ልታሰኘኝ!» አለችው። ራሱን እየነቀነቀ ግንበኛ ሊፈልግ ወጣ። ግንበኛው ሥራ ስለበዛበት ቀጠሮውን ለከነገ ወዲያ አደረገው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቤቱ ሞልቷል። መስኮቷ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንደ ልማዳቸው ጋሽ ተቺ ተቀምጠዋል፤ በየቀኑ ሾርባውን እየነቀፉ ሳህኑን አጽድተው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ጭልፋ የተጠበሰ ሥጋና ድንች የጫነ ትሪ ይዛ አንዴ መታች። ከወዲያ ብርጭቆ አንኳኳ። ጣውላው እስከ ግማሽ ተንሸራቶ ቀጥ አለ። እሷ ትጎትታለች፣ ከወዲያ ይገፋል፤ አልነቃነቅ አለ። ትሪውን አስቀምጣ በጭልፋው እጀታ ደበደበችው።

«ዛሬ ደግሞ አሸዋ ጨመርሽበት?» አሉ ጋሽ ተቺ።

«ምን አሉ?»

«ሾርባው አሸዋ አለበት። ሌላ ቀን ጨው ነበር የሚጎድለው።»

ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት ሳህናቸው ላይ አቧራ ሲወርድ አየች፤ ከወንፊት እንደሚወርድ ዱቄት፣ ቀስ እያለ። ቀና አለች። ከመስኮቷ በላይ ፀጉር ያህል የነበረው ስንጥቅ አሁን ጣት ያስገባል። በውስጡ የመጠጥ ቤቱ ብርሃን ይታያል። ከብርሃኑ ጋር ድምፅ መጣ።

«ትንሽ ይታገሱኝ የኔ ጌታ፤ ምግቡስ ደርሷል፣ መስኮቷ ናት ያስቸገረችን።» ጠርቶ ነው የተሰማው፣ ጆሮዋ ሥር እንዳለ ሰው። የሚጣ ድምፅ ነው። ትንሽ ሻክሯል። «የእሷ እጅ የነካው ምግብ ደግሞ ቢጠብቁትም አይቆጭም።»

እትዬ ጭልፋ አቧራውን ረሳችው። እንዲህ ነው እንዴ የምታወራልኝ? አለች በሆዷ። ይህን ሁሉ ዓመት? ከዚያ ጠጠር ወርዶ እጇን መታት፤ አናጢው ያላት ሁሉ አንድ ላይ ገባት፣ ጉበኑም፣ ጣውላውም፣ ሰሙም።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች። «ሁላችሁም ውጡ!»

ማንም አልተነሳም። ጩኸቷን ለምደውታል። ጋሽ ተቺ እንዲያውም ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀምጠው «እሺ በቃ፣ ሾርባው ጥሩ ነው» አሉ። በየምክንያቱ ስትጮህ መኖሯን ያን ጊዜ ረገመችው። ሽማግሌውን በኮታቸው አንገትጌ ይዛ ከወንበራቸው አነሳችና ወደ በሩ ገፋቻቸው። ያኔ ሌላው ሰው ወደ ላይ አየ፤ ወንበር እየገለበጠ ወጣ።

እሷ ወደ ስንጥቁ ተመለሰች። አፏን ድንጋዩ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራትም። «ሚጣ! ሚጣ፣ ውጪ! ግድግዳው ሊወድቅ ነው!»

ደግማ ጠራች። መልስ የለም። በዚህች ሰዓት እንኳ ቃሏን ልትጠብቅ ነው፣ አለች። ከጀርባ ማሽኑ ያጓራል። እትዬ ጭልፋ ሮጠች። በራሷ በር ወጥታ፣ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው ጥሳ፣ ከአባቷ ሞት ወዲህ ረግጣው በማታውቀው በር ገባች።

የመጠጥ ቤቱ ደንበኞች ጩኸቱን ሰምተው እየተጋፉ ይወጣሉ። ታናሺቱ ብቻ አልወጣችም። ከመስኮቷ ሥር ቆማ፣ መዳፎቿን ጣውላው ላይ አሳርፋ፣ ትከሻዋን አስደግፋ ባላት ኃይል ትገፋለች። ፊቷ አቧራና ላብ ነው። ስሟ ሲጠራ እህቷን ድንጋይ የተጫናት መስሏት፣ በዚያች መስኮት ልትደርስላት እየታገለች ነበር።

እትዬ ጭልፋ ክንዷን ያዘቻት። ታናሺቱ ዞራ አየቻት፤ ከዚያ መስኮቷን፣ ከዚያ እንደገና እሷን። ተያይዘው ሮጡ። መንገዱን ተሻግረው ከማዶው ግድግዳ ሲደርሱ ከኋላቸው ድንጋይ መናድ ጀመረ፤ ጣሪያው መሃሉ ላይ ጎበጠ፤ ከሁለቱም በሮች አቧራ ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው።

ማንም አልሞተም። የጠፋው የጋሽ ተቺ መነጽር ነው፤ እሳቸውም ሰው ሁሉ ስልክ ሲደውል «መነጽሬን ያያችሁ?» እያሉ ይዞራሉ። አቧራው ሲረግብ ሁለቱ እህትማማቾች ከማዶው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። በበሮቹ በኩል የሚታየው አሁን አንድ ክፍል ነው፤ ምድጃውና የብርጭቆው መደርደሪያ በድንጋይ ክምሩ ወዲህና ወዲያ። ሁለቱም የሚኖሩበት ሥራ እዚያ ውስጥ ቀርቷል። ነገ ምን እንደሚበሉ አንዳቸውም አያውቁም።

እትዬ ጭልፋ መናገር ያለባት እሷ እንደሆነች ታውቃለች። ድንች እየላጠች ስታሰናዳው የኖረችው ንግግር ነበራት። አሁን አንዱም አልመጣ አላት።

«እታለም» አለች ታናሺቱ።

እትዬ ጭልፋ ጭልፋውን ጨብጣ ወደ መሬት አየች። ቀና ካለች የምትጮህ መሰላት።

«እታለም፣ የአንቺ የሆነ ነገር እኔ ዘንድ አለ።»

ዕቃ መሰላት። «ይቅር» አለች። «ከድንጋዩ ሥር አይወጣም።»

«ዕቃ አይደለም።» ታናሺቱ አፏ ውስጥ የገባውን አቧራ ተፋች። «ያን ሌሊት አባባን ‹እታለምን ልጥራት ወይ?› ብያቸው ነበር። ‹አትቀስቅሻት› አሉኝ። ‹ልጄ ደክሟታል። ነገ ያን ሾርባዋን ጭልጥ አድርጌ እጠጣላታለሁ፤ ደስ ይበላት› አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።»

እትዬ ጭልፋ ቀና ብላ አየቻት።

«ጠዋት ልነግርሽ ነበር። በኋላ በሰው ፊት ያን አልሽኝ። እኔም ለእልሄ አስቀረሁብሽ። ገዳይ ካለችኝ የመጨረሻ ቃላቸውን አልሰጣትም አልኩ። ድምፄን አትሰሚም ያልኩሽ ለዚያ ነው። አንዴ አፌን ከከፈትኩ ማምለጡ አይቀርም ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፊታቸውን አዙረውብኝ ሞቱ እያለች ስትንገበገብ፣ ቃሉ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጦ ነበር። ጭልፋውን ወደ ላይ አነሳች፤ ታናሺቱም አየችው፤ አልሸሸችም። ከዚያ ንዴቱ እንደ ልማዱ ዝቅ አለ። በሥሩ የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ፣ ጨው የሌለው ሾርባ ለነገ የቀጠሩት።

«ጣፈጣቸው?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ወይኑ።»

«ጣፈጣቸው፣ እታለም።»

እትዬ ጭልፋ ጭልፋውን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። «እሰየው» አለች፣ እንባዋ አቧራውን እየሰነጠቀ ሲወርድ። «እሰየው፣ ሚጣ። እኔ ብሆን እከለክላቸው ነበር።»